ሽርጥ ለሚያሸርጥ ወንድ፦ እንዳይወርድ፣ እንዳይጎተት፣ እንዳያሳቅቅ

«ወንድ ልጅ ቀሚስ ይለብሳል እንዴ?» አዲስ አበባ ውስጥ ሽርጥ አሸርጦ እስከ ሱቅ ብቅ ያለ ወጣት ይህችን ጥያቄ ሳይሰማት አይመለስም። መልሱ አጭር ነው፤ አዎ፣ ይለብሳል። አፋሩ ሰናፊሉን፣ ሶማሌው ማዓዊሱን፣ ወሎዬው ሽርጡን ማሸረጥ ከጀመረ ስንት ዘመኑ! የመን ብትሻገሩ፣ ኢንዶኔዥያ ወይም ምያንማር ብትሄዱ ወንዱ ወገቡ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ሲሠራ ታገኙታላችሁ። የእኛ ካህናት የሚለብሱት ረጅም ልብስ እንኳ ስሙ ራሱ «ቀሚስ» ነው፤ ማንም ስቆ አያውቅም።

ስኮትላንዶች ደግሞ ኪልታቸው በሕግ ተከልክሎባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣው ሕግ የተሻረው በ1782 ነው። ዛሬ የስኮትላንድ ሙሽራ ኪልት ለብሶ ይሞሸራል።

እኛ ጋ ከልካይ ሕግ የለም፤ ያለው ሳቅ ነው። ሳቅም ቀላል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከሎጊያ የመጣ የዶርም ጓደኛ ነበረኝ። ሽርጡን ከሻንጣ የሚያወጣው መብራት ከጠፋ በኋላ ነበር፤ ጠዋት ማንም ሳይነሳ አጣጥፎ ይመልሰዋል። በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ከሚያልፍበት አገር የመጣ ልጅ፣ አያት ቅድመ አያቶቹ የኖሩበትን ልብስ እንደ ሰረቀው ዕቃ ሲደብቅ ማየት ያሳዝናል።

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። እዚያ ቀትር ላይ ሱሪ ለብሶ ቤት የሚቀመጥ ሰው «አቦ ምን ነካህ?» ይባላል። ስለዚህ ከልጅነቴ ያየሁትንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ስትገዙ

ሽርጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ ክፍት የሆነና ዙሪያውን የተሰፋ። ጀማሪ ከሆናችሁ የተሰፋውን ግዙ፤ ንፋስ ቢመጣ አይከፈትም።

ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ሽርጥ ዙሪያው 2 ሜትር አካባቢ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ነው። ዳሌያችሁ 1 ሜትር ከሆነ ሌላ 1 ሜትር ይተርፋችኋል ማለት ነው። ይህ ትርፍ ለእጥፋቱም ለእርምጃችሁም ያስፈልጋል፤ ጠባብ ሽርጥ እንደ ጆንያ ያዘልላችኋል። ረጅም ሰው ደግሞ ቁመቱን ይለካ። ወገብ ላይ ሦስት ጊዜ ሲጠቀለል 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያርፍ ጥሩ ነው።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ጥጥ ላብ ይመጣል፣ ቋጠሮም ይይዛል። ፖሊስተር ያብረቀርቃል እንጂ ያሞቃል፣ ደግሞም ይንሸራተታል። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን አጥፋችሁ በሁለት ጣት አሹት፤ እርስ በርሱ ሙልጭ ሙልጭ ካለ ወገባችሁም ላይ እንደዚያው ነው። አዲስ ጥጥ ስታርች ስላለው ይደርቃል፤ መጀመሪያ እጠቡት። ትንሽ ሊያጥርም ስለሚችል ልክክ ያለውን አትግዙ።

ስታሸርጡ

አጎቴ «ሱሪን ቀበቶ ይይዘዋል፤ ሽርጥን የሚይዘው እጅህ ነው» ይለኝ ነበር። እጅ ደግሞ በልምምድ ይማራል፦

1. ውስጡ ገብታችሁ እምብርት ድረስ ሳቡት። ስፌቱን ወደ ኋላ አድርጉ፤ ከፊትና ከኋላ ዘርፉ እኩል መውረዱን እዩ።

2. እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። እግር ገጥሞ ያሸረጠ ሰው ደረጃ ላይ ይቸገራል።

3. ትርፉን ጨርቅ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሳቡ። ወገባችሁ ላይ ጥብቅ ሲል ትርፉን ወደ ፊት መልሳችሁ በሆዳችሁ ላይ እጠፉት።

4. የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ ሦስት ጊዜ ጠቅልሉ። በዚህ ጊዜ ሆዳችሁን አትንፉ፤ ስትተነፍሱ ይላላል።

5. ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ፣ አሥር ረጃጅም እርምጃ ተራመዱ። ከላላ እንደገና። ከያዘ ውጡ።

በራሳችሁ እስክትተማመኑ ከጥቅልሉ በላይ ቀበቶ ብታስሩ ነውር የለውም። ሰፊ ቀበቶ የሚታጠቁ ሽማግሌዎችም አሉ።

ስልኩስ?

ዋናው ጥያቄ! ሽርጥ ኪስ የለውም። ስልክ ጥቅልሉ ውስጥ መሻጥ ግን ከባድ ስህተት ነው፤ ክብደቱ ቋጠሮውን ይጎትታል፣ ስትቀመጡ ስልኩ ይወድቃል፣ ሌባም በቀላሉ ይመዘዋል። መፍትሔው ከሥር ዚፕ ያለው ኪስ ያላት ቁምጣ መልበስ ነው። ቁምጣዋ ሌላም ጥቅም አላት፤ ሽርጡ ቢላላ እንኳ አትሳቀቁም። ካልሆነ በትከሻ የምትያዝ ትንሽ ቦርሳ ያዙ።

ስትንቀሳቀሱ

ስትቀመጡ ትርፉን ጨርቅ በጉልበታችሁ መሃል ሰብስቡ። ደረጃ ስትወጡ የፊቱን ዘርፍ በአንድ እጅ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ሞተር ወይም ብስክሌት ላይ ግን ሽርጥ ለብሳችሁ አትውጡ፤ ጨርቁ ጎማ ወይም ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም። ባጃጅ ውስጥም ዘርፉን ሰብስቡት፤ በበሩ በኩል አታንጠልጥሉት።

ሒሳቡን እንሥራው

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው የልብስ ዋጋ መለያው ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ዋጋውን ለለበሳችሁበት ቀን ብዛት አካፍሉት። ጂንስ ሆድ ሲመጣ ይሰናበታል፣ ሲከሱም ይወርዳል። ሽርጥ ግን ብትወፍሩም ብትከሱም ያው ነው፤ የሚለዋወጠው እጥፋቱ ብቻ ነው። ማታ ይለበሳል፣ መንገድ ላይ ፎጣም አንሶላም ይሆናል፤ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል። ለሶላት የሚገዛው ሰውም በአንድ ወጪ የቤቱንም ልብስ አገኘ ማለት ነው።

ቢሮ ለብሳችሁ ግቡ እያልኩ አይደለም፤ ለሥራ ቦታው የሥራ ቦታ ልብስ አለው። ግን ለቤት፣ ለሰፈር፣ ለበዓል፣ ለእሁድ ከሰዓት ማንን ፈርታችሁ ነው? ከቆላው የመጣ ጓደኛ ያላችሁም ካላችሁ፣ አትሳቁበት፤ እንዴት እንደሚታሰር ጠይቁት። ከእኔ ጽሑፍ በተሻለ በሁለት ደቂቃ ያሳያችኋል፤ እሱም ቀን በቀን ማሸረጥ ይጀምር ይሆናል።