መነኮሳይቱ ስለ መርሳት ያስተማሩን

እናትዎ ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመሩ። ትናንት ያወሩልዎትን ጉዳይ ዛሬም እንደ አዲስ ጀመሩት። እርስዎም «እርጅና ነው» ብለው አለፉት። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። እርጅናና የመርሳት በሽታ አንድ አለመሆናቸውን አጉልተው ካሳዩ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአሜሪካ፣ በካቶሊክ መነኮሳይት ላይ ነው።

ዴቪድ ስኖውደን የተባሉ ተመራማሪ ጥናቱን በ1986 (እ.ኤ.አ.) በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት፤ በኋላም ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ይዘውት ሄዱ። ከ75 እስከ 102 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 678 መነኮሳይት የማስታወስ ችሎታቸው በየጊዜው እንዲፈተን፣ ሲሞቱም አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቀዱ። መነኮሳይት ለምን? አያጨሱም፤ አመጋገባቸው፣ ገቢያቸውና ሕክምናቸው ተቀራራቢ ነው። በዚያ ላይ ማኅበራቸው ወረቀት አይጥልም። አንዳንዶቹ ከ60 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ22 ዓመታቸው አካባቢ በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ ከመዝገብ ቤት ተገኘ።

ተመራማሪዎቹ በጽሑፉ ውስጥ ስንት ሐሳብ እንደታጨቀ ቆጠሩ። አንዷ «ተወለድኩ፤ ተማርኩ፤ ገዳም ገባሁ» ብላ ታበቃለች እንበል። ሌላዋ የአባቷን ሱቅ፣ የፈራችውንና የተመኘችውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታነሳለች። በ1996 በወጣው ውጤት፣ በሞት ከተለዩት 14 መነኮሳይት መካከል ጽሑፋቸው በሐሳብ ሳሳ ያለው ሁሉ አንጎላቸው ላይ አልዛይመር ተገኘ። በሐሳብ ከበለጸጉት ግን በአንዷም ላይ አልተገኘም። 14 ሰው ጥቂት ነው። ደግሞስ ጥሩ መጻፍ አንጎልን ይጠብቃል ወይስ ጠንካራ አንጎል ነው ጥሩ የሚጽፈው? ስለዚህ ልጅዎን ለአልዛይመር መከላከያ ብለው ድርሰት አያስጽፉት!

ይበልጥ የሚደንቀው የሲስተር ሜሪ ነገር ነው። በ101 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ የማስታወስ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፉ ነበር። አንጎላቸው ሲመረመር ግን የአልዛይመር ምልክት ሞልቶበት ተገኘ። በሽታው አንጎል ላይ አለ፤ ሰውዬው ላይ ግን አልታየም ማለት ነው።

ታዲያ ሚዛኑን የሚደፋው ምንድን ነው? አንዱ መልስ በ1997 መጣ። ከ102 መነኮሳይት አንጎል በ61ዱ ላይ አልዛይመር ተገኝቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ጥቃቅን ስትሮክ የአንጎላቸውን ውስጠኛ ክፍል የመታቸው፣ በሕይወት ሳሉ የመርሳት በሽታ የታየባቸው ከሌሎቹ እጅግ በበለጠ ነው። እንዲህ ያለው ስትሮክ እጅና እግር ሳያሰንፍ፣ ማንም ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ዋናው መንስኤው ደም ግፊት ነው፤ ስኳርም ያባብሰዋል።

እንግዲህ እናትዎ የግፊት ኪኒናቸውን «ተሽሎኛል» ብለው አቁመው እንደሆነስ? በሚቀጥለው እሑድ ሲጠይቋቸው መድኃኒቱን ይቁጠሩት፤ ግፊታቸውንም ያስለኩ። መርሳቱ ከቀጠለ ደግሞ ሐኪም ያማክሩ። የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድብርትም ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።