ማዞሪያው ሲንኮሻኮሽ

መስቀል ሲቃረብ ወልቂጤና ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በሚገቡ ልጆቻቸው ይሞላሉ፤ አቧራ የጠጣው የጊታር አምፕሊፋየርም ከየጓዳው ወጥቶ ወደ ጥገና ቤቴ ይመጣል። ቮልዩሙ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ባለቤቱ ስፒከሩ የተቀደደ ይመስለዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ማዞሪያውን ነው። ውስጡ የካርቦን ንጣፍ አለ፤ በላዩ ትንሽ ብረት ትንሸራተታለች። መካከላቸው አቧራ ሲገባ ንክኪው ይቆራረጣል።

ሶኬቱን ነቅዬ፣ ሽፋኑን ፈትቼ፣ በማዞሪያው ቀዳዳ ጥቂት ኮንታክት ክሊነር እነፋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አዞረዋለሁ፤ እስኪደርቅም እጠብቃለሁ። የምግብ ዘይት በፍጹም አትጨምሩበት፤ አቧራውን ይዞ ይጋግራል። አምፕሊፋየሩ ባለ ቫልቭ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ገዳይ ቮልቴጅ ሊይዙ ይችላሉ።

ጸድቶም ከተንኮሻኮሸ ካርቦኑ ተበልቷል ወይም አንድ ካፓሲተር ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ወደ ማዞሪያው እያሳለፈ ነው። የተበላውን ማዞሪያ ኪሎ ኦሙ እኩል በሆነ እቀይረዋለሁ።