የክበቡ መዝገብ

በአሜሪካ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 በማሳቹሴትስ ግዛት ብሩክላይን በተባለችው ከተማ «ዘ ካንትሪ ክለብ» ከተመሠረተ ወዲህ፣ የጎልፍ ሜዳና ሰፊ የድግስ አዳራሽ ያላቸው የአባላት ክበባት እጅግ በዝተዋል፤ ብዙዎቹም፣ ለሚያያቸው የብዕል ማደሪያ ቢመስሉም፣ በሕግ ፊት ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ናቸው።

ምሥጢሩ ከእኛው የጽዋ ማኅበር የራቀ አይደለም። አባላቱ አዋጥተው የደገሱትን ራሳቸው ስለሚበሉት፣ ንዋዩ ከአንዱ ኪሳቸው ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ትርፍ አልተገኘም በሚል ሐሳብ፣ ሕጉ ከ1916 ጀምሮ ከገቢ ግብር ነጻ አደረጋቸው። ክበቡ ለባዕድ ሰርግ አዳራሹን ሲያከራይ ወይም ካጠራቀመው ወለድ ሲቀበል ግን ይህ ምክንያት ይፈርሳልና፣ በ1976 መስፈሪያ ወጣለት፤ ከአባላት ውጭ የሚገኘው ሁሉ ከመደበኛው ገቢ 35 በመቶ፣ ከዚያም ውስጥ እንግዶች ለአገልግሎት የሚከፍሉት ከዚሁ ገቢ 15 በመቶ እንዳያልፍ።

ክበቡ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው የሒሳብ መግለጫ፣ ቅጽ 990፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። የአንዱን ዓመት ብቻ ይዞ የሚፈርድ ግን ይሳሳታል፤ ብዙ አዲስ አባላት በገቡበት ዓመት የመግቢያው ገንዘብ መዝገቡን ያሳምረዋል፣ ነገር ግን ያ ገንዘብ በየዓመቱ የሚታጨድ አዝመራ ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ በእርሱ ደመወዝና የሣር ማጨጃ ነዳጅ የሚሸፍን ክበብ ዘሩን እየቆላ የሚበላ ገበሬ ነው። በተቃራኒው፣ የእርጅና ተቀናሽ በመቁጠሩ ብቻ ኪሳራ የሚያሳይ ክበብ በካዝናው በቂ ጥሬ ገንዘብ ሊኖረው ይችላል። እኔ የምፈራው ተቀናሹን እየጻፈ ለምትኩ ሳንቲም የማያኖረውን ነው፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ሞልቶ ጣራው እንደሚያፈስ ደብር፣ ጉድለቱ የሚታየው ዝናብ ሲመጣ ነው።

ዝናቡ ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ መጣ። አባል ቢቀንስም ሣሩ መታጨዱን፣ ሜዳው ውኃ መጠጣቱን አያቋርጥምና፣ ወጪው በቀሩት ትከሻ ላይ ወደቀ፤ መዋጮው ሲጨምር ደግሞ ሌሎች ወጡ። በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ወደ ሜዳ ቢያወጣውና ብዙ ክበባት ቢያገግሙም፣ ያረጀው የውኃ ቧንቧ በዚህ አልታደሰም፤ እርሱ የሚታደሰው ልዩ መዋጮ በሚጠይቅ ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ አባል ልሁን የሚል ሰው ከአዳራሹ ውበት በፊት መዝገቡን ይጠይቅ፤ ክበቡ የሦስት ዓመቱን ቅጽ ለጠየቀው ሁሉ እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድደዋል።