ድር የሚሠሩ አባጨጓሬዎችን በሚመገቡት ዕፅ መለየት

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ዙሪያ ያለው ቆላ የግራርና የከርቤ ዛፎች አገር ነው። ዝናብ ጥሎ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ በቅርንጫፍ ላይ ነጭ ድር ብናይ የሸረሪት ሥራ ነው ብለን እናልፋለን። ሆኖም ሐር የሚፈትሉት ሸረሪቶች ብቻ አይደሉም። ሸረሪት ድሯን ከሆዷ ጫፍ ስታወጣ፣ የእሳት እራት እጭ የሆነው አባጨጓሬ ከአፉ በታች ካለች ቀዳዳ ያወጣል። በድሩ ውስጥ የተበላ ቅጠልና ኩስ ከተገኘ ባለቤቱ አባጨጓሬ መሆኑን እንገምታለን።

የትኛው አባጨጓሬ? ቀጣዩ ጥያቄ «ምን ይበላል?» የሚል ነው። ዕፅዋት ራሳቸውን ለመከላከል በቅጠላቸው ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ያከማቻሉ፤ ብዙ የአባጨጓሬ ዝርያዎችም የሚቋቋሙት የጥቂቶቹን ብቻ ነው። በአገራችን በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከተጠኑት የሐር ትሎች አንዱ የእንጆሪ፣ ሌላው የጉሎ ቅጠል ይመገባል። በጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ጎኖሜታ የተባለው በግራር ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ጠንካራ የሐር ቤት ይሠራል። አናፌ የተባለው ግን ብራይዴሊያ በተባለ ዛፍ ላይ በመንጋ ሆኖ አንድ የጋራ ጎጆ ያደራል። ስለዚህ ዛፉና የቤቱ ቅርጽ በአንድነት ሲታዩ ግምታችን ይጠብባል።

«ግራር» ብሎ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም። የቦረና አርብቶ አደር ጃንጥላ መሰሉን «ዸደቻ»፣ እሾሁ አብጦ የጉንዳን ማደሪያ የሚሆነውን «ፉሌንሳ» ብሎ ይለያል፤ ተማሪም ከእርሱ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ አይደለም። በደቡባዊ አፍሪካ ከብቶች ባዶውን የጎኖሜታ ቤት ከግራር ፍሬ ጋር ይውጡታል፤ ሐሩም ስለማይፈጭ ጨጓራቸውን ዘግቶ ይገድላቸዋል። ኑሮው በከብት ላይ ለተመሠረተ ሕዝብ ይህን ማወቅ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ይሁንና ዕፁ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ዕፅ የሚበሉ ዝርያዎች አሉና። በፊዚክስ አንድ ልኬት ብቻውን እንደማይታመን ሁሉ፣ እዚህም ሁለተኛ ማስረጃ ያስፈልጋል። አባጨጓሬውን ከነቅጠሉ አየር በሚገባበት ዕቃ አኑሩ፤ ፀጉሩ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አትንኩት። ዛፉን፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግባችሁ ቅጠሉን እየቀያየራችሁ ጠብቁ። ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ማንነቱን ራሱ ይናገራል።