ካርቲየ 4፦ ከመዝገቡ ውጭ የቀሩት

(ምስል፦ ወደቡ ከላይ፤ ክሬኖቹ፣ መርከቦቹ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣውላና ቆርቆሮ ቤቶቹ ይዞራል።)

ተራኪ፦ ፈረንሳዮች ጅቡቲን ሲያቀኑ እነሱ የሚኖሩበትን ከፍታ በስም ጠሩት። የአገሬውን ሰፈር ግን ቆጠሩት፤ ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2 እያሉ እስከ 7። እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃነት ሲመጣ በምኒልክ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ የጁን 27 አደባባይ ተባለ። የሰፈሮቹ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልተነካም።

ካርቲየ 4 ከእነዚያ አንዱ ነው። ኢሳው፣ አፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ከኢትዮጵያውያኑ ብዙዎቹ በረሃውን አቋርጠው የመጡ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ወረቀት ለሌለው ሰው ባንክ አያበድርም። አቤት ልበል ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ራሱ ነው። ታዲያ ሲቸግረው ማን ያበድረዋል? ሲጣላ ማን ያስታርቀዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል?

(ምስል፦ ከማኅደር። የእንፋሎት ባቡር በረሃውን ሲያቋርጥ።)

ተራኪ፦ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ገባ። በዚያው ዓመት፣ በእንግሊዝ አገር በስደት ይኖር የነበረ አንድ ሩሲያዊ ልዑል ስለ መረዳዳት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ስሙ ፒዮትር ክሮፖትኪን ነው፤ አናርኪስት ነበር። እንስሳትም ሰዎችም እስከ ዛሬ የዘለቁት በመፎካከር ብቻ ሳይሆን በመተጋገዝ ነው ሲል ተከራከረ። ማስረጃ ያደረጋቸውም የመንደር ጉባኤዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ማኅበራት ነው።

የእኛ አገር ሰው አናርኪስት ሲባል የሰማው በክፉ ቀን ነው። ደርግ ኢሕአፓን በዚህ ስም ያወግዝ፣ ወጣቶቹንም በዚህ ስም ያስገድል ነበር። ኢሕአፓ ግን ማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ ነበር፤ ከክሮፖትኪን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ካመለጡት መካከል በዚሁ በረሃ ወደ ጅቡቲ ወጥተው በዲኪልና በአሊ ሳቢዬ ካምፖች የተጠለሉ አሉ። ዛሬ ስለ አናርኪስቶች ስናወራ እነዚያን ሙታን ይዘን ነው።

እንግሊዛዊው ኮሊን ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን ወደ ሰፈር አወረደው። ያለ አለቃ የሚተዳደር ኑሮ ከአብዮት በኋላ የሚጠበቅ ሳይሆን ዛሬም በየመንደሩ ያለ ነው አለ። ሰልፍ ወጥተው መፈክር ከማሰማት ባሻገር ምን እናድርግ ለሚሉ ወጣቶች ይህ ትልቅ መልስ ነው። ሰልፍ አንድ ቀን ነው። ልጅ ማሳደግ፣ ብድር መመለስ፣ ሙት መቅበር ግን ዕለት ዕለት አለ።

(ምስል፦ ግራር። ሽማግሌዎች በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ድምፅ፦ የሶማሊኛ ንግግር፣ ነፋስ።)

ተራኪ፦ እንዲህ ያለውን ኑሮ ለማየት እዚህ ዛፍ ሥር ጥቂት እንቆይ።

ከሶማሌ ጎሣዎች አንዱ የሆኑት ኢሳዎች ሄር ኢሴ የሚባል ሕግ አላቸው። ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ ጅቡቲን፣ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አቋርጦ ይሠራል። እነዚህ ድንበሮች ከመሰመራቸው በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ጅቡቲያዊው ጸሐፊ ዓሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ መጽሐፍ ሲጽፍ ርዕሱን የዛፉ ፍርድ ብሎታል፤ የአርብቶ አደር ዴሞክራሲ እንደሆነም ያስረዳል።

የበላዩ ጉባኤ 44 ሰዎች አሉት። ከጉባኤው ጋር ኡጋዝ የሚባል መሪ አለ፤ የሚመረጠውም ውርዲቅ ከሚባለው ጎሣ ነው። ኡጋዙ ግን ወታደር የለውም፣ ግብር አይሰበስብም፣ ብቻውን አይፈርድም። ይመርቃል፤ ሌሎቹ ተመካክረው የደረሱበትን ያጸናል። ሹመቱም ተሻምተው የሚያገኙት አይደለም። እንደ ባህሉ ሽማግሌዎቹ በምስጢር አጥንተው የመረጡትን ወጣት ድንገት ይወስዱታል፤ እሱ ራሱ ለዚህ እንደታጨ አያውቅም። አንድ ኡጋዝ ሲሞት ተተኪው እስኪገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ሕጉ ሥራውን አያቆምም። ሥልጣንን እንዲህ አለስልሶ የያዘ ሥርዓት ማየት ያስደንቃል፤ በተለይ ዙፋን ሲገለበጥና ሲተካ ለኖርን ለእኛ።

ክርክሩ ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው አይናገርም። ፍርዱን የሚያስፈጽመው ወህኒ ቤት ሳይሆን ዘመድ ነው፤ ካሣውን የጥፋተኛው ወገን በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ስለዚህ የሚያጠፋውን ልጅ አስቀድሞ የሚመክረው የራሱ ወገን ነው።

ነገር ግን ከዛፉ ሥር ሴት አትቀመጥም። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ ለሞተ ወንድ የሚከፈለው ካሣ 100 ግመል ሲሆን ለሴት 50 ነው። አለቃ ስለሌለ ብቻ እኩልነት አለ ማለት አይደለም፤ ይህን ማለፍ አንችልም።

(ምስል፦ ጠባብ ጓሮ፤ ሴቶች ምንጣፍ ላይ። የሻይ ብርጭቆ፣ ትንሽ ደብተር።)

ተራኪ፦ ሴቶቹ የራሳቸው ጉባኤ አላቸው። ሶማሌዋ ሀግባድ ትለዋለች፣ ኢትዮጵያዊቷ ዕቁብ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው በየወሩ እኩል ታዋጣለች፤ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሳት ትወስዳለች። ልጇ የታመመባት ካለች ባለዕጣዋ ተራዋን ትለቅላታለች። መጀመሪያ የወሰደችው ዙሩ እስኪያልቅ መክፈሏን ትቀጥላለች፤ ካላደረገች ዋሷ ይከፍላል። ወለድ የለም፣ የመንግሥት ማኅተም የለም፣ ፎርም የለም። ያለው ደብተርና ቃል ነው።

የዚህች ሰፈር ኑሮ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ራፍል አለ፤ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ ወደ ድንበር የሚወስድ ዘመቻ። ዕቁቧን ያልወሰደች ሴት ብትያዝ ገንዘቧ የት ይደርሳል? ዕቁብተኞቹ አስቀድመው ካልተነጋገሩበት ከብር በላይ መተማመኑ ይጠፋል። የቤተሰቧን ስልክ በደብተሩ ከስሟ ጎን መጻፍ፣ ያዋጣችው በማን በኩል እንደሚላክላት መወሰን፣ ደብተሩን ከአንድ ሰው በላይ እንዲያውቀው ማድረግ፤ መደራጀት ማለት ይህ ነው።

ዕድርም እንዲሁ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ከጎረቤት የሚመረጡ፣ ጎረቤት የሚሽራቸው ናቸው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የንፍሮው ድስት የሁሉ ነው። ጉልበቱንም ታሪክ ያውቀዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራተኛ ሕግ ሳይወጣ፣ ማኅበር ማቋቋም ባልተፈቀደበት ዘመን፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች የተሰባሰቡት በዕድር ነበር።

(ምስል፦ የኦቦክ የባሕር ዳርቻ። ድምፅ፦ ማዕበል።)

ተራኪ፦ ይህ ዝግጅት በካርቲየ 4 ዕድር እንዲያበቃ ነበር የታሰበው። የኦቦክን ምስል ካየን በኋላ ግን እዚያ ማቆም አልቻልንም።

ኦቦክ ከጅቡቲ ከተማ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ነው፤ ወደ የመን የሚሻገሩ ስደተኞች የሚሳፈሩበት ዳርቻ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2019 ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ከየመን ሲመልሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች በማንም ደብተር አልተጻፉም። ዛፉ የሚፈርደው ለወገኑ ነው። ዕቁቡ የሚከፍለው ላዋጣ ነው። ዕድሩ ጡሩምባ የሚያስነፋው ለአባሉ ነው። እስካሁን ያደነቅነው መረዳዳት ሁሉ ከስም ዝርዝሩ አያልፍም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይህ ነው። መንግሥት ለእነዚህ ወጣቶች አልደረሰላቸውም፤ እኛም ማኅበርተኞቹ አልደረስንላቸውም።

ግን ይቻላል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕመምተኛ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀምረዋል። ደንባቸውን የለወጡት ራሳቸው ተሰብስበው ነው፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ስለዚህ በወሎ፣ በአርሲ፣ በጅማ፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ያላችሁ ዕድርተኞች፦ በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ አስይዙ። ከሰፈራችሁ ተነሥተው በዚህ መንገድ የሄዱትን ልጆች ስም፣ የዘመዶቻቸውን ስልክ መዝግቡ። ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ለይታችሁ አባል ላልሆነ ሰው ቀብርና ለቤተሰቡ መርዶ የሚውል አድርጉ። ጅቡቲ ያላችሁም ደብተሩን ለማታውቁት ሰው ክፈቱለት።