ያገለገለ ዘይት መጋዘን ሲቆይ ምን ይሆናል? ዋጋ ጠብቀው ለያዙ

ዛሬ ቡናና ሰሊጥ ትንሽ ይረፉ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የመጣ ጥያቄ አለ። አንድ ተከታታያችን ከሆቴልና ከቺፕስ ቤት የሰበሰበውን ያገለገለ የምግብ ዘይት ሦስት በርሜል አድርጎ መጋዘን ካስገባ አራት ወር ሆኖታል። «ዋጋ እስኪጨምር ልያዘው ወይስ ልሽጠው?» ይላል። ሽጠው ባይ ነኝ። ምክንያቱን ግን ላስረዳ፣ ምክንያቱም እኛ ቡናና እህል መያዝ ስለለመድን ዘይቱንም በዚያው ዓይን ነው የምናየው። በደንብ የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከተጠበቀ ወራት ይጠብቃችኋል። ያገለገለ ዘይት ግን ተዘግቶም ሥራ ላይ ነው።

ዘይት ማለት ሦስት ሦስት የስብ አሲዶች በአንድ ግሊሰሪን ላይ ተያይዘው ነው። ድንች ወይ ሳምቡሳ ሲጠበስ ከምግቡ የሚወጣው ውሃ ከእሳቱ ጋር ሆኖ አንዳንዱን ማያያዣ ይፈታዋል። ተፈቶ የወጣው ነጻ ፋቲ አሲድ ይባላል። ሰሊጥ የምትልኩ ታውቁታላችሁ፣ ውል ላይ «ኤፍኤፍኤ» ተብሎ የሚጻፈው እሱው ነው። አዲስ የተጣራ ዘይት ላይ 0.1 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ብዙ ከተጠበሰበት በኋላ 2 እና 3 ፐርሰንት ቢገኝ አይገርምም።

ችግሩ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ነገሩ አይቆምም። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ የዱቄትና የድንች ፍርፋሪም እዚያው ይወርዳል። ውሃና ምግብ ባለበት ደግሞ ተህዋስያን ይራባሉ፣ ዘይቱን እየሰነጠቁ አሲዱን ይጨምሩታል። ስለዚህ የአንድ በርሜል ላይኛውና ታችኛው አንድ ዕቃ አይደለም። ከላይ ቀድቶ «ይኸው ናሙና» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ረጅም ቱቦ እስከ ታች አስገብታችሁ ራሳችሁ ቅዱ።

ሁለተኛው ጠላት አየር ነው። ግማሽ የሞላ በርሜል ማለት ግማሹ ኦክስጅን ያለበት አየር ነው፣ እሱ ላይ ፀሐይና የዛገ ብረት ሲጨመር ይፈጥናል። መጀመሪያ ፐርኦክሳይድ የሚባለው ይጨምራል፣ ቆይቶ ራሱ ይፈርስና ያ የሚከረፋው ሽታ ይመጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ በጣም ያረጀ ዘይት ላይ የፐርኦክሳይድ ቁጥሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ ዝቅ ያለ ቁጥር አሳየ ማለት ዘይቱ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ሲብስ ዘይቱ ይወፍራል፣ የጀሪካኑ አፍ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የኑግና የሱፍ ዘይት ከፓልም ቀድመው እዚህ ይደርሳሉ። ፓልም ደግሞ በአዲስ አበባ ብርድ ነጭ ሆኖ ሲረጋ «ተበላሸ» ብለው ዋጋ የሚሰብሩ አሉ። አልተበላሸም፣ ሞቅ ሲል ይቀልጣል።

እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ተምሬበታለሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር 60 ጀሪካን ሰብስበን ክረምቱን አሳለፍነው። ሰኔ ላይ 2.5 ፐርሰንት ነበር። የቆርቆሮ ቤቱ ያፈሳል፣ ክዳኑም የሁሉም አልገጠመም። መስከረም ላይ ገዢው ሲያስመረምረው 6 ወጣ፣ የተስማማነው ደግሞ እስከ 5 ነበር። ዋጋው ተቆረጠ። ከዚያ ይልቅ ያመመን ክብደቱ ነው። የገዛነው በጀሪካን፣ የሸጥነው በኪሎ። 20 ሊትር ዘይት 18 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል ብለን ነው ያሰላነው፣ ከአንዳንዱ ጀሪካን ግን ሁለት ሊትር ውሃና ዝቃጭ ወጣ። ውሃ ገዝተን ነበር በቃ።

ገዢው ስለ አሲዱ የሚጨነቀው ወዶ አይደለም። ባዮዲዝል የሚሠራው ሰው የሚጨምረው ኮስቲክ ከነጻ አሲዱ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆንበታል፣ ምርቱም አልለይ ይለዋል። አሲዱን አስቀድሞ ለማከም ሌላ ወጪ ያወጣል፣ ያንን ከእናንተ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ሳሙና ሠሪ ግን አሲዱንም ሳሙና ያደርገዋል፣ እሱ የሚያማርረው ሽታውንና ጥቁረቱን ነው። ስለዚህ አሲዱ ያለፈ ዘይት ካላችሁ መጀመሪያ ሳሙና ሠሪ ፈልጉ። ወደ ምግብ ግን በምንም መንገድ አይመለስም፣ አጣርቶ የሚሸጥ ካያችሁ አትጠጉት።

መለኪያው ቤት ውስጥም ይሠራል። 1 ግራም ንጹህ ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር ዲስትልድ ውሃ ሟሙ (ጓንትና መነጽር ይደረግ፣ ቆዳ ያቃጥላል)። 10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ በሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩና ትንሽ እርድ ጣል አድርጉበት። አዎ፣ የወጡ እርድ። ከዚያ የሶዳውን ውሃ በጠብታ ጨምሩ፣ ቢጫው ወደ ቀይ ተለውጦ ሲቀር አቁሙ። የፈጀውን ሚሊ ሊትር በ0.77 አባዙት፣ የነጻ አሲዱ ፐርሰንት በግምት እሱ ነው። 3 ከፈጀ 2.3 ፐርሰንት፣ 7 ከፈጀ 5.4። በጣም የጠቆረ ዘይት ላይ ቀለሙ አይታይምና ላብራቶሪ ውሰዱት። ለውሃው ደግሞ ጥቂት ጠብታ በጋለ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጉ፣ ከተንጣጣ ውሃ አለበት።

ማደባለቅን በተመለከተ፦ 2 ፐርሰንት የሆነ 10 ጀሪካን ላይ 20 ፐርሰንት የሆነ አንድ ብትጨምሩ ሁሉም 3.6 ይሆናል። ወረቀት ላይ ያልፋል፣ ግን የአንዱን ውሃና ዝቃጭ ለአሥሩም ሰጣችኋቸው። ዛሬ የሚጫን ከሆነ ያስኬዳል፣ የሚቀመጥ ከሆነ አታድርጉት።

እና ወንድሜ፣ ሦስቱን በርሜል ነገ ክፈትና ከታች ያለውን ውሃ አውጣ፣ ዘይቱን በወንፊት አጥልለህ ወደ ንጹህ ፕላስቲክ ጀሪካን ገልብጠው፣ እስከ አፉ ሙላ፣ ጥላ ላይ አድርገው። ከዚያ እያንዳንዱን በርሜል ለየብቻ ለካና ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ከ5 በታች የሆነውን በዚህ ሳምንት ገዢ እንፈልግለታለን።