ከፖሊስ ይልቅ አጋቿን ያመነች

ነሐሴ 17 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ስቶክሆልም። ያን ኤሪክ ኡልሶን አንድ ባንክ ገብቶ ወደ ጣሪያው ተኮሰና አራት ሠራተኞችን አገተ። 3 ሚሊዮን ክሮነር እንዲሰጠው፣ እስር ቤት ያለው ክላርክ ኡሎፍሶንም እንዲመጣለት ጠየቀ፤ ኡሎፍሶንም መጣለት።

ስድስት ቀን በካዝናው ክፍል አብረው ከረሙ። ኡልሶን ብርድ ላንቀጠቀጣት ታጋች ጃኬቱን ደረበላት። ሌላውን ታጋች ፖሊስን ለማስፈራራት እግሩን ብቻ በጥይት እንደሚመታው ሲነግረው፣ ሰውዬው «እንዴት ደግ ነው!» ብሎ እንዳሰበ ኋላ ተናግሯል። አንዷ ደግሞ ለጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ ደውላ የምትፈራው አጋቾቹን ሳይሆን ፖሊስን መሆኑን ነገረቻቸው።

በመጨረሻ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ለቅቆ ሁሉንም በሕይወት አስወጣ።

ታጋች እንዲህ ወደ አጋቹ ማዘንበሉን የሚገልጸው «ስቶክሆልም ሲንድሮም» የተባለው ሐሳብ የመጣው ፖሊስን ያማክር ከነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኒልስ ቤዬሮት ነው። ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ምግቡም መፀዳጃውም ነፍሱም በአጋቹ እጅ የወደቀ ሰው ትንሿ ደግነት ትገዝፍበታለች፤ አጋቹን ማስደሰትም የመትረፊያ መንገድ ይሆንበታል።

ተቺዎች ግን በተኩስ መካከል የተያዘ ሰው ፖሊስን መፍራቱ ሕመም አይደለም ይላሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያም እስከ ዛሬ እንደ በሽታ አልመዘገበውም።